እጅ መስጠት

ዓፉላ፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣
ግድግዳው ላይ ጫፉ የተላጠ የጡንቻ ሥዕል።
አሥራ አራት ሰዎች ነን፤ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣
ከሌሊት ፈረቃ የወጣን፣ ዓይናችን የቀላ፣ ሦስት።
ኦስናት አሰልጣኛችን፣ አጠር ያለች፣ ባንገቷ መነጽሯ፣
«በእጃችሁ ላይ ተቀመጡ» አለች፤ ይኸው ነበር መክፈቻ ንግግሯ።

ተቀመጥን። ሁለት እጄ ከጭኔ ሥር ተቀበረ።
የላስቲክ ክንድ ጠረጴዛው ላይ ከነመርፌው ተሰደረ።
የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ ጠራች፣ መርፌ ይዛ የማታውቅ፤
«እሷ ትውጋ፤ እናንተ እዩ። የማንም እጅ እንዳይላቀቅ።»
ጸሐፊዋ መርፌውን እንደ እርሳስ ጨብጣ ያዘች፣
ጎማውን በጎን አልፋ ጠረጴዛውን ወጋች።
እጄ ከሥሬ ተላወሰ፣ ቅርጫት ውስጥ እንዳለ ዶሮ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ መድረስ ነበርና የእሱ ኑሮ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም ይሉ ነበር የኛ ሰዎች፤
እኔም ይህን ይዤ ኖርኩ፤ በመጡ ቁጥር ተማሪዎች
«ቆይ፣ ስጪኝ» እያልኩ ሊጡን ከእጃቸው ስቀማ፣
ራቱ ይደርሳል በሰዓቱ፤ ነገ የሚያቦካ ግን የለማ።

እኔንም ነጥቀውኛል። ሁለተኛ ዓመት፣ ክረምት፣ ሐዴራ፣
ጠባብ ኮሪደር አጠገብ፣ የጠዋት ጉብኝት ተራ፣
«ልቀቂ፣ አትችይም» ብላ መርፌውን ከጣቴ መነጨቀች፤
በሽተኛው አዘነልኝ፤ ከስድቧ ይልቅ ያቺ ዓይኑ ናት እላዬ ላይ የቀረች።

ይህን ለክፍሉ ተረክሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤
ኦስናት መነጽሯን አደረገች፤ ዓይኗ ፊቴ ላይ ተጣበቀ።
«አንቺስ ከማን ነጠቅሽ?»
ዝም አልኩ።

አንድ ልጅ ነበር፣ ረጅም፣ ሁሌ ላብ የሚያጠምቀው መዳፉ፣
ባለፈው በጋ፣ ሁለት ሳምንት፣ አብሮኝ የሠራ ሳይላወስ አፉ፤
በሦስተኛው ሳምንት አልመጣም። ምክንያቱን ማንም አልጠየቀ።
ስሙን ላስታውስ ሞከርኩ፤ ከምላሴ ጫፍ ራቀ።

ወር አለፈ። ክፍል ሰባት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።
ከኢክሳል ነው የመጣችው ሩላ፤ አዲስ ጫማዋ ሲጢጥ የሚል።
አልጋው ላይ አቶ ሳሶን፣ የአውቶቡስ ነጂ በዘመኑ፤
ይታያል ደም ሥሩ፣ ሲነኩት ግን ይሸሻል፤ ከባድ ነው ማመኑ።

የመጀመሪያው ሳተ። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ጨመርኩ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በአማርኛ ቆጠርኩ፤
(ዕብራይስጡ ይፈጥናል፤ ቶሎ ያደርሰኛል አሥር።)
ሩላ ጣቷን አሳረፈች፤ ሥሩን ፈለገች ከሥር።
ሁለተኛውም ሳተ። ጥጡ ላይ ደም ፈሰሰ።
«እኔም ስጀምር ፌርማታ አልፍ ነበር»፤ ሳሶን ዓይኑን ጠቀሰ።
ሰባት፣ ስምንት። ኪሴ ውስጥ ጣቴ ጣቴን ቆነጠጠ።
ሦስተኛ መርፌ አነሳች። ያኔ ነው ነገር የተለወጠ፤
መልሳ አስቀመጠችው። ዞረች። «አልቻልኩም» አላለች፤
«ሥሩ ከእጄ ይሸሻል፤ ያላየሁት ምን አለ?» አለች።

በኛ ቋንቋ እጅ መስጠት መሸነፍ ማለት ነው፤ ይሁን።
ሰጠኋት አንድ ጣቴን፣ ቆዳውን ወጥሮ የሚይዝ፣ እሱን ብቻ እሱን።
መርፌው የሷ ነበረ። ቀይ ክር በቱቦው መጣ፤
«ወራጅ አለ?» አለ ሳሶን፤ ሩላ ሳቀች ድምፅ ሳታወጣ።

ማታ ቅጹን ሞላሁ። ከአንድ እስከ አምስት፣ የቁጥር መክበቢያ፤
ለቅልጥፍና ሦስት ሰጠሁ። ከሥሩ ጠባብ የአስተያየት መጻፊያ፣
ሁለት መስመር ቢሆን ነው። ብዕሬ አየር ላይ ቆየች፤
ከዚያ በዕብራይስጥ አንድ ቃል፦ ጠየቀች።

የዚያ ልጅ ስም ግን እስካሁን አልመጣልኝም።